በኮት ቁልፍ የተተካችው ወታደር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ዛሬም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያልክ ነው ከወንበር የምትነሳው? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም አፏ እንደ ድሮው ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ስታርም ትውላለች። እኔም ደህና ነኝ።

ማሸነፌን ሰምተሃል። በቼዝ ቡድኑ ውስጥ የቀረችው አንዷ ቦታ የእኔ ሆናለች። ስፌት ቤት ያሉት ሴቶች መኪናቸውን አቁመው አጨበጨቡልኝ፣ ልብሴን ሳይቀር ማን እንደሚሰፋልኝ ተጣሉበት። እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም። እንዲያውም ያቺን ድል ሲያነሱብኝ ወሬ እለውጣለሁ። ይኼን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ቼዝ ያስተማርከኝ አንተ፣ አባባ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የቆምክልኝ አንተ።

ቅዳሜ ሰዓቱ አልቆ ጨዋታው ለሰኞ ሲተላለፍ በቀጥታ ወደ አንተ ቤት ነበር የመጣሁት። እኔ ንግሥት አለችኝ፣ የማተሚያ ቤት አለቃህ ግንብና አንዲት ወታደር ብቻ። መቼም እሱን ክለቡ በሙሉ ከረሜላ እንደሚለው ታውቃለህ። ሲጫወት አፉ ውስጥ ከረሜላ ያገላብጣል፣ ጣቱን ይልሳል፣ በዚያው ጣት ጠጠሮቹን ይነካል። ከእሱ ጋር ተጫውቼ የመጣሁ ቀን እጄን በሳሙና ታጥቤ አልጠግብም።

ሳሎንህ ውስጥ ቦርዱን ዘረጋን። አንተ እንደ ሁልጊዜው የባላጋራዬ ጠበቃ ሆንክ። የእኛ ነገር ይኸው አይደል፤ እኔ አለቀ ስል አንተ ቆይ እስኪ ትላለህ፣ ለጠላቴ የተደበቀ ማምለጫ ትፈልግለታለህ። ሻዩ ቀዝቅዞ እንደገና ተሞቀ። በመጨረሻ አገኘኸው። ግንቡን ንጉሤ አጠገብ አምጥቶ በነጻ ይሰጠኛል። ብበላው የእሱ ንጉሥ ሳይመታ መሄጃ ያጣል፤ የቀረችው አንዲት ወታደሩም ከእኔዋ ጋር ፊት ለፊት ተፋጣ መላወሻ የላትም። መጫወቻ ካጣ ደግሞ በሕጉ አቻ ነው፣ አቻ ከሆነ ቦታዋን በነጥብ እሱ ይወስዳታል። ባልበላው በግንቡ ንጉሤን እየተከታተለ ንጉሥ፣ ንጉሥ ሲለኝ ይውላል። ቀጣዩን እርምጃዬን ጽፌ በፖስታ ለዳኛው አሽጌ ሰጥቼ ስለነበር መለወጥም አልችልም። ጭኔን መታሁ። አንተ ግን ሳቅክና፣ ይኼንን ሰይጣንም አያገኘው፣ እሱማ በሕልሙም አያየው አልከኝ። በዚያ ተጽናንቼ ሄድኩ።

ሰኞ ዳኛው ቦርዱን ከመዝገቡ እያየ ሲደረድር ዓይኔ ዳር ላይ ባለችው ወታደሬ ላይ አረፈ። እኛ ካስቀመጥናት አንድ ቤት ወደ ኋላ ናት። ለካ ተሳስተናል። የአንተ ቼዝ አንድ ነጭ ወታደር ጎድሎት በኮት ቁልፍ ነው የምንተካው፤ ያቺ ቁልፍ ሚስትህ ሻዩን ስታስቀምጥ ይሁን እኛው ስንነካካ ሸርተት ብላ ወደፊት ሄዳለች፣ ሁለታችንም ልብ አላልንም። በእውነተኛው ቦርድ ላይ የእሱ ወታደር መሄጃ አላት። አቻ ብሎ ነገር የለም፤ ግንቡን ከሰጠኝ በከንቱ ሰጠኝ ማለት ነው። ያ ማምለጫ በዚህ ዓለም የነበረው በአንተ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነበር። እፎይ አልኩ።

ከረሜላ ሰተት ብሎ መጥቶ ተቀመጠ። ፖስታው ተከፍቶ እርምጃዬ ተደረገ። ሰውዬው ቦርዱን በወጉ እንኳ አላየውም። ግንቡን አንስቶ ንጉሤ አጠገብ ቁጭ አደረገና፣ ይቺን ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል ነው ያገኘኋት ብሎ ለተመልካቹ አወራ። ያው አንተ ሳሎንህ ውስጥ ያገኘኸው እርምጃ ነው። በላሁት። ያንን የሚያጣብቅ እጁን ለአቻ ዘረጋልኝ። ዳኛው፣ ወታደርዎ እኮ ትሄዳለች ጌታዬ አለው። ቦርዱን ያኔ ነው ያየው። ወታደሯን ገፋት፣ እኔም በንግሥቴ ጨረስኩት። ሲነሳ፣ እንዲህ አልነበረም እኮ፣ እንዲህ አልነበረም እያለ ያጉተመትም ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ሰው በሰው ጭንቅላት ሲኩራራ ማየት ምን ያህል እንደሚቀፍ ልነግርህ አልችልም። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ኮት ከመልበሱ በፊት ይለካዋል። እሱን ግን ተወው፣ እሱ ድሮም ያው ነው። እኔን የሚያንገሸግሸኝ ሌላ ነው፤ እሱንስ ሆድ ይፍጀው።

ትናንት ሚስትህን ገበያ አገኘኋት። ማተሚያ ቤቱ ፎርማን አድርጎ እንደሾመህ፣ አለቃህም እሁድ ቤት ድረስ መጥቶ እንዳበሰረህ አጫወተችኝ። ቦርዳችሁን እንኳ ሳናነሳው ነው የመጣብን፣ አፈርኩ ብላ ሳቀች። ምስኪን፣ ምን ታውቃለች። እንኳን ደስ አለህ። ስንት ዓመት የተመኘኸው ሹመት ነው፣ ለልጆችህም ይበጃል። ቡድኑ ለዝግጅት አብሮሽ ጨዋታ የሚያጠና ሰው ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ ብሎኝ ነበር፤ ብቻዬን ይሻለኛል አልኳቸው።

እማዬ ማሸነፌን ስነግራት ቀድማ የጠየቀችኝ፣ ወንድምሽ ረዳሽ ወይ ብላ ነው። አዎ፣ እሱ ባይኖር እንዲህ በቀላሉ አላሸንፍም ነበር አልኳት። አልዋሸሁም። እሷም ወዲያው ሁለት እጇን ዘርግታ ስትመርቅህ ቆየች። እኔም እንደምንም አሜን አልኩ።

ፈጣሪ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ሹመትህን የእንጀራ ያድርግልህ፣ ከክፉ ባልንጀራም ይሰውርህ።

እህትህ