ሙሉውን ዲስክ «ባዶ ነው» ብለው ለፈረሙት ኃላፊ

ለተከበሩ የኮሌጃችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ ለትናንቱ መምህሬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ባለፈው ሰኞ ከፈረሙልኝ የስንብት ደብዳቤ በቀር ደህና ነኝ፤ የሚፈርሙበት እጅዎም እንዳይዝልብዎት ዘወትር እመኛለሁ።

በግልጽ መጻፌ፣ የተመራቂዎች ሁሉ የውጤት መዝገብ ያለበት ሃርድ ዲስክ «በሙከራ ሠራተኛው ጥፋት ባዶ ሆኗል» የሚለው ደብዳቤዎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ብቻውን ተለጥፎ ስላሳዘነኝ፣ ጎረቤት ላገኝለት ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። «ማሽን የነገራችሁን ሌላ ማሽን ሳትጠይቁ አትመኑ» እያሉ ጠረጴዛውን ሲደበድቡ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ በደብተሬ የጻፍኩት፣ ከሥሩም በቀይ ያሰመርኩበት እኔ ነበርኩ። እዚህ ሥራ ያመለከትኩትም የእርስዎን ስም አይቼ ነው።

ሁለተኛ፣ የዋናው ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎ ዲስኩን ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ባዛወርን ዕለት፣ ያ ኮምፒውተር ባለ ሦስት ቴራባይቱን ዲስክ ሰባት መቶ አርባ ስድስት ጊጋባይት፣ የልኩን ሩብ ያህል ብቻ ነው ብሎ አነበበው፤ ቀጥሎም ባዶ ነውና ፎርማት ላድርገው፣ ማለትም ጠርጌ እንደ አዲስ ላሰናዳው ብሎ ጠየቀ። እኔም ኬብሉን ቀይሬ ያው ሲሆንብኝ፣ ይህ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ትልቅ ዲስክ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ በመሆኑ መጠኑን መቁጠር አቃተው እንጂ መዝገቡ አልጠፋም፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አሥር ደቂቃ ልሰካው ብዬ በጽሑፍ ለመንኩ። «አንተ ልጅ፣ ስክሪኑ ባዶ ካለ ባዶ ነው» ብለው አሥሩን ደቂቃ ስላተረፉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ያመነታል። ለዲኑ ሲያስረዱ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና «ልጁ ነካክቶት ነው» ሲሉ ሰማሁ። በምረቃዬ ቀን እናቴን ጨብጠው «ይህ ልጅ አያሳፍረኝም» ያሏት ድምፅ ያው ነው ወይስ ሌላ እያልኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ያችን ቃል ዛሬም ለጎረቤት ታወራለች፤ ስንብቱን ግን ገና አልነገርኳትም።

አራተኛ የለኝም፤ ሦስተኛው በቅቶኛል። የምለምነው፣ «ባዶ» ተብሎ እንዲወገድ ወደ ግምጃ ቤት የተላከው ዲስክ ሐሙስ ከመሰባበሩ በፊት በሁላችን ፊት አዲስ ኮምፒውተር ላይ እንዲሰካ ነው። ባዶ ከሆነ ስንብቴን ይዤ እሄዳለሁ። ሙሉ ከሆነ ግን ስሜን ባጠፉበት ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል ይመልሱልኝ።

ዝናዎ ከዲስኩ በላይ እንዲሰፋ፣ የሚቆጥርለትም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣

በቀይ ያሰመረበትን ደብተር እስካሁን ያልጣለው የትናንት ተማሪዎ፣ የአርባ ሦስት ቀን ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ከፊርማ በኋላ የመጣ፦ ይህን ልለጥፍ ስል የግምጃ ቤቱ ጋሼ አስጠሩኝ። እንደሚያውቁት እሳቸው አንድ ካርቶን ምስማር እንኳ ሳይቆጥሩ አይረከቡም። «ባዶ» የተባለውንም ዕቃ ባዶነቱን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም ብለው፣ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠለትን አዲሱን ኮምፒውተር ከፍተው እንድሰካላቸው አዘዙኝ። ሦስት ቴራባይት! መዝገቡ በሙሉ አለ፤ እርስዎ የሰጡኝ የ«ኤ» ውጤት ሳይቀር። አሁን በመረከቢያ ቅጹ ላይ «ባዶ ዲስክ» ከሚለው ፊርማዎ ሥር፣ በጋሼ የእጅ ጽሑፍ «ታይቷል፤ ሙሉ ነው» የሚል ሰፍሯል። ጋሼ አንድም ቀን ክፍልዎ ገብተው አልተማሩም፤ ትምህርትዎን በሥራ ላይ ያየሁት ግን እሳቸው ዘንድ ነው።