ለአባቴ የሠራሽው የኪያር ሳንዱች

ሔራን፣

ትናንት በፍልሰታ ጾም አባቴን ማዮኔዝ አብልተሻቸዋል። እንቁላል እንዳለበት ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ዲግሪሽ ይህን ማንበብ አቃተው? መሪጌታ ናቸው፣ ከደቅ ደሴት ድረስ መጥተው እኔ ቤት ጾማቸውን አስገደፍሻቸው። አልነገርኋቸውም።

ዛሬም ከቅዳሴ ሲወጡ ይመጣሉ፣ እኔ ሥራ ነኝ። ኪያሩን በስሱ ቁረጪ፣ ጨው ነስንሺና ውሃውን ጭመቂው፤ አለዚያ ዳቦው ይርሳል። የምትቀቢው አቮካዶ ነው። ማዮኔዙን ጥየዋለሁ፣ አትፈልጊው። ሻዩ ፔርሙስ ውስጥ አለ።

አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር ይሆናል።
ይሁን።

ሳንዱቹን ድገሙልኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። «የዚያች ልጅ እጇ ይባረክ» ሲሉ ነው ያመሹት። እንግዲህ ዛሬ ቀምሰው «የትናንቱ ይጣፍጥ ነበር፤ ምን ጨምረሽበት ነው?» ካሉሽ፣ አንቺው ንገሪያቸው።

የሺአረግ