ማንም ልጅ ቆሞ የማይውልበት ሜዳ፦ የወይዘሮ ቨርሊን ቱኒሰን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቨርሊን ቱኒሰን ከአባታቸው ከአቶ ጌሪት ሆፍስትራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዊልማ በአዮዋ ግዛት፣ በኒው ሃርሊንገን ከተማ አጠገብ በሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1951 ተወለዱ። በወንድሞች መካከል ብቸኛ ሴት ልጅ ስለነበሩ ኳስ መቅለብ የተማሩት ወደውት ሳይሆን ጥርሳቸውን ለማትረፍ ነበር። ኋላ ግን ጨዋታው ልባቸውን ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለተኛ ደረጃን እስኪያጠናቅቁም ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት የሶፍትቦል ጨዋታ የትምህርት ቤታቸው ቡድን ተጫዋች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ከቧንቧ ሠራተኛው ከአቶ ዱዌን ቱኒሰን ጋር ትዳር መሥርተው ካርላንና ብሬንትን አፍርተዋል። ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አሽከርካሪ ሆነው አገልግለዋል። ምግብ ማብሰል አልሆነላቸውም፤ ይህንን የምንለው ልናማቸው ሳይሆን ራሳቸውም ስለሚስቁበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ካርላ የምትጫወትበትን የከተማውን የትንንሽ ልጃገረዶች ሶፍትቦል ቡድን ተረከቡ። መጀመሪያ ላይ ልምምዱን የመሩት እርሳቸው ራሳቸው እንደሰለጠኑት ነበር፦ አሰልጣኝ ይወረውራል፣ አንዲት ልጅ ትመታለች፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበትነው ኳስ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ልምምዱ አብቅቶ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እራት ሲቀርብ አቶ ዱዌን ገበታውን ቃኝተው “ካርላስ?” አሉ። ባልና ሚስት በድንጋጤ እየበረሩ ወደ ሜዳው ሲመለሱ ልጅቱ ጓንቷን እንዳጠለቀች በሜዳው ቀኝ ጥግ ቆማ አገኟት። “ማንም ነይ አላለኝም” አለች። ወይዘሮ ቨርሊን መንገዱን ሙሉ አለቀሱ። ካርላ በማግስቱ መለያዋን አጥባ መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ፣ አድጋ እናቷን ከሜዳው ልትወስድ ስትመጣ እንኳ ከመኪናዋ አትወርድም ነበር።

እርሳቸው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም ልጅ ተገትራ የምትውልበት ልምምድ እንዳይኖር ማሉ። ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ይከፋፍላሉ፦ አንዱ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ይቀልባል፣ ሌላው እንጨት ላይ የተቀመጠ ኳስ ወደ አጥር ይመታል፣ ሌላው ይሮጣል፤ እርሳቸው የባልዲ ክዳን ሲደበድቡ ሁሉም ቦታ ይቀያየራል። በአንድ ቀን የሚያስተምሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንግግራቸውም አጭር ነው። ጥፋተኛን ሜዳ ማስዞር አይወዱም፤ “ሩጫን ቅጣት ካደረግንባት በጨዋታ ቀን ሩጪ ስንላት እንዴት ትሮጥልናለች?” ይሉ ነበር። ሁልጊዜም ልምምዱን በጨዋታ ዘግተው፣ ልጆቹ “ኮች፣ ትንሽ! ትንሽ ብቻ!” እያሉ ሲለምኗቸው ይበትኗቸዋል። ሲጣፍጥ ማቆም ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

ለዚህ ሁሉ ቡድን አንድ አሰልጣኝ ስለማይበቃ ወላጆችን ያለርኅራኄ ያሠሩ ነበር። ገበሬው አቶ ሌስ ብራወር ወንበራቸውን ዘርግተው ገና ከመቀመጣቸው የኳስ ባልዲ እጃቸው ላይ ዱብ አለ። “ኧረ ቨርሊን፣ እኔ ልጄን ላደርስ ነው የመጣሁት!” ቢሉ፣ “አድርሰሃታል፤ ተባረክ። አሁን ደግሞ ኳስ አቀብላት” አሏቸው። አቶ ሌስ ልጃቸው አድጋ ካገባች በኋላም ኳስ ሲያቀብሉ ኖረዋል። ቡድኑ ዋንጫ አብዝቶ አልበላም፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት የማትመለስ ልጅ እምብዛም አልነበረችም።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ ቨርሊን የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። የወረዳው ሊግ በበኩሉ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ አሰልጣኝ ካልተገኘ ቡድኑ ፈርሶ ልጆቹ ለጎረቤት ከተሞች እንደሚከፋፈሉ አስታወቀ። ከሕመማቸው ይልቅ ያንገበገባቸው ይኸው ነበር። “እኔስ ጠግቤ ኖሬያለሁ፤ ልጆቹ ግን ሰው አገር ሄደው አንድ ጥግ ይገተራሉ” እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። አቶ ሌስ ጉልበታቸው አላራምድ ብሏቸዋል፤ ሌላ የሚደፍር ሰው ጠፋ። ካርላን ግን አንድም ቀን አልጠየቋትም። አቶ ዱዌን “እስቲ ንገሪያት” ሲሏቸው፣ “ምን ዓይን አለኝ?” ይሏቸው ነበር።

በኤፕሪል መጀመሪያ ካርላ እናቷን ከሐኪም ቤት ስትመልስ መኪናዋን ወደ ሜዳው አዞረችና ወረደች። አሰልጣኝ አጥተው በራሳቸው ሲለማመዱ የነበሩት ልጆች ከበቧት። እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ ማን ማንን እንደሚከተል ያስረዷት እነርሱ ናቸው፤ እርሷ ክዳኑን ብቻ ደበደበች። ወይዘሮ ቨርሊን በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከመኪናው ውስጥ ሲመለከቱ ቆዩና አላስችላቸው ሲል መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

“ካርላ! ያቺ ልጅ ቆማለች!”

“አይቻታለሁ፣ እማዬ! መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ይመታሻል!”

መስኮቱን ዘጉት። ሲታዘዙ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ እናትና ልጅ ምን እንደተነጋገሩ አናውቅም፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸው ቀልቶ ገቡ፤ ወይዘሮ ቨርሊንም ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾርባቸውን ጨርሰው ጠጡ።

ሕመሙ ጸንቶባቸው እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2023 ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን አቶ ዱዌንን፣ ልጆቻቸውን ካርላንና ብሬንትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድሞቻቸውን እንዲሁም “ኮች” እያሉ የሚጠሯቸውን ትንንሽና ትልልቅ ሴቶች በሐዘን ትተዋል።

ዛሬ ማክሰኞ፣ የቡድኑ የልምምድ ቀን በመሆኑ ከቀብር በኋላ ልምምድ አለ። እንዲቀር የጠየቁ ነበሩ፤ አዲሷ አሰልጣኝ ካርላ ግን አልፈቀደችም። ማልቀስ የሚፈልግ ሰው ጓንቱን ይዞ ይምጣ ብላለች።

ለልጆቻችን ትዕግሥታቸውን ያልሰሰቱትን እናታችንን የምሕረት አምላክ በቸርነቱ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።