የርግብ ቤቱን መራጮች ስላስተዋወቁን

ለተከበሩ ሰር ላክላን ድራምካርን፣
እስካለፈው ሳምንት የኪልብራኒ ከተማ የፓርላማ እንደራሴ፤

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ከምርጫው መድረክ ሲወርዱ ደረጃውን በሙሉ ስለዘለሉት የወደቡ ሴቶች ሁላችን በሐሳብ ሰንብተናል። እኛ ጎናችንን በሳቅ ከማመሙ በቀር ደኅና ነን።

አንደኛ፣ የከተማው ምክር ቤት በሩን ዘግቶ ጥብስ እየበላ በሚመርጥዎ በዚያ ደግ ዘመን አንድም ቀን መጥተው ስላላስቸገሩን እናመሰግናለን። የወደቡ ግንብ ፈርሶ ማዕበል በየክረምቱ ጀልባዎቻችንን ሲሰባብር፣ እርስዎ ለንደን ተቀምጠው ዳቦ ጋጋሪና በርሜል ሠሪ ድምፅ ከሰጠ አገር ይፈርሳል እያሉ የምርጫውን ማሻሻያ ሕግ ይቃወሙ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ሲጸድቅ አባቱ እኔ ነኝ ብለው ከተፍ አሉ። ልጁን በማኅፀን ሳለ ሲረግሙት ከርመው ክርስትናው ላይ አባት ሆነው መገኘትዎ፣ ድግስ አያልፋቸውም የሚባለውን ሐሜት አረጋገጠልን። እኔ እንኳ ሐሜት አልወድም።

ሦስተኛ፣ ቤት ያለው ብቻ ይመርጣል ቢባል፣ የርግብ ቤትዎን ለአጎትና ለአክስት ልጆችዎ በወረቀት ሸንሽነው መራጭ አደረጓቸው። ለአንዱ ጣራው፣ ለአንዱ ደረጃው፣ ለአንዱም ኩሱ ሳይደርሰው አልቀረም። ሕጉ ለእኛ ለሴቶች ድምፅ አልሰጠንም፤ እንደ ርግብ ኩሩሩ ማለትን ግን ረስቶ አልከለከለንም። ስለዚህ አንድ ዘመድዎ ምርጫውን በአደባባይ ሊናገር ወደ መድረኩ በወጣ ቁጥር የዓሣ ገበያው በሙሉ ኩሩሩ አለ።

የአክስትዎ ልጅ ሚስተር ሄርኩሊስ ጊልፊላን ተራው ሲደርስ ግን ሁላችን ኩሩሩውን ትተን ወደ መድረኩ ተጠጋን። እርስዎና ግንቡን አሠራለሁ ያለው የገመድ ነጋዴ ሚስተር ቱሎክ በድምፅ አንገት ለአንገት ተያይዛችሁ ነበርና። የነጋዴው ጠበቃ ሚስተር ሄርኩሊስን፣ «የርግብ ቤቱ ድርሻ በእርግጥ የራስዎ ከሆነ ይማሉ» አለው። እንደሚያውቁት ሚስተር ሄርኩሊስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ በሐሰት የማለ ሽማግሌ ደግሞ እሑድ በምእመናን ፊት ቆሞ ይገሠጻል። ቀኝ እጁን አነሣ፤ መልሶም አወረደው።

«ላክላን፣ ውስኪህን ጠጥቻለሁ፣ በግህንም በልቻለሁ፤ ነፍሴን ግን በርግብ ኩስ አልለውጥም።»

ከኋላው የተሰለፉት ዘመዶችዎም አንድ በአንድ ወደ መጠጥ ቤቱ ሾለኩ፤ ወንበሩም የሚስተር ቱሎክ ሆነ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ የገበያው ሴቶችም በትከሻዬ ላይ ተንጠራርተው እያነበቡ፤
የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ግሪዘል ኦክተርሎኒ

ማስታወሻ፦ ሥራ እየፈለጉ እንደሆነ ሰምተናል። የወደቡ ግንብ ሰኞ ስለሚጀመር ድንጋይ ተሸካሚ ይፈለጋል፤ እዚያ ሰው የሚቀጠረው ግን ትከሻው ታይቶ እንጂ ዘመዱ ተቆጥሮ አይደለም።