ቆብ ያጠለቀው የጭስ ደወል

ማክሰኞ

ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል የገላ መታጠቢያ ላስቲክ ቆብ አጥልቋል። በግራ ዐይኔ ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አልተሳሳትሁም። ቀኙ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ትናንት ሞራው ተነሣልኝ። ከቆላ ድባ ባሕር ዳር ድረስ የመጣሁት ለዚሁ ነው። ሐኪሙ የከለከለኝ፦ ማጎንበስ፣ ማሳል፣ ደንግጦ መነሣት።

የእንግዳ ማረፊያው ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። እሳት ቢነሣ ማን ይነግረናል?

ልታስታምመኝ ከአዲስ አበባ የመጣችውን የልጅ ልጄን ሕሊናን ጠየቅኋት። «አቧራ እንዳይገባበት ይሆናል፣ እማማ» አለች። ስንት ዓመት አስተምሬ ውሸት አይጠፋኝም።

ረቡዕ

መታጠቢያ ቤቱ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ክፍሉ ውስጥ ማንጎ የለም። ፎጣው ሥር እስክሪብቶ የመሰለ ነገር አገኘሁ።

«ቬፕ ነው፣ እማማ፤ በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ። እንፋሎት እንጂ ጭስ አይደለም።»

«እንፋሎት ከሆነ ደወሉን ለምን ቆብ አለበስሽው?»

በረንዳ እያለልሽ ብላት ደነገጠች። «በረንዳው እኮ አልጋዎ ፊት ነው! እርስዎ እያዩኝ ላጭስ? ነውር አይደል እንዴ!»

እኔን አክብራ ልታቃጥለኝ ነው። ወንበር ላይ አቁሜ ቆቡን አስወለቅኋት። በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብም አነበብሁላት፤ የሚያጨስ እንግዳ ይወጣል ይላል። ሕክምናዬ ሳያልቅ ብንባረር የት እንገባለን? እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ

ጽሕፈቴ አያምርም።

ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ሳለሁ ደወሉ ጮኸ። ዘልዬ ተነሣሁ። እያሳልሁ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈለግሁ፤ የተከለከልሁትን ሁሉ ባንዴ አደረግሁ። ዐይኔን ወጋኝ። ሕሊና ከመታጠቢያ ቤት ሮጣ ወጣች፤ ነጭ ጉም ተከትሏታል። ዘበኛው በሩን ይደበድባል፦ «እናቴ፣ ይክፈቱ! እሳት ነው?»

«ልጅቷ ገላዋን ታጥባ ነው። የሙቅ ውኃው እንፋሎት ነው» አልሁት።

እኔ ነኝ ይህን ያልሁት። ተማሪ ዋሸ ብዬ ስንቱን ያንበረከክሁት!

ፋሻው ረጥቧል። እንባ ይሁን ደም አላውቅም። ሐኪሙ በስልክ «አይንኩት፣ ነገ በጠዋት ይምጡ» አለ። አምላኬ፣ ዐይኔን አታሳጣኝ።

ዓርብ

ፋሻው ተነሣ። ሐኪሙ ብዙ አየ። ውስጡ ጥቂት ደም ፈስሷል፣ ይጠራ እንደሆነ ጠብቀን እናያለን አለኝ። ብርሃን ብቻ ነው የታየኝ።

ሕሊና ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች። «ዐይንዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልነካውም!»

እስከ ዐሥር ሰዓት ታገሠች። ከዚያ ክፍሉን መዞር ጀመረች፤ መታጠቢያ ቤቱን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«በረንዳ ውጪ» አልኋት።

«በፊትዎ? አላደርገውም!»

«ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ውጪ ብያለሁ!»

ወጣች። ዞርሁ። ግን አላስቻለኝም፤ ተመለስሁና ግራ ዐይኔን በመዳፌ ሸፈንሁ። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ፤ ሐይቁ ይሁን ሰማዩ አልለየሁም። ቀጥሎ የልጅቷ ትከሻ። ከዚያ ነጭ ነገር ከአፏ ወጥቶ ሲበተን አየሁ። በቀኝ ዐይኔ አየሁት፤ እስኪጠፋ ድረስ።

ስትገባ ፊቴ ግድግዳው ላይ ነበር።