የይሁን ሞተርና በበር የመጣው ጎረቤቴ

ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.፣ ጅግጅጋ

እኔ ወይዘሮ ሙሉአለም አስፋው፣ የደከመው ጉልበቴ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን በገዛ እጄ ቀስ እያልኩ ጽፌ፣ ከታች ስማቸው ለሚገኘው ምስክሮች ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ።

በመንገድ ዳር ያለው ሱቅ ከነዕቃው ለልጄ ለባህሩ ሰጥቻለሁ። ሥራ ወዳድ ነው፤ ያሳድገዋል።

የጓሮው ቤት፣ የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት ቢርካና ውሃውን ወደ ጣሪያው በርሜል የሚስበው የቤንዚን ሞተር ለልጄ ለትርንጎ ይሁኑ። ባህሩ ቅር አይበልህ። «እማዬ፣ ይህን ጩኸታም ለቁራሌው እንስጠውና ድምፅ የሌለው ላምጣልሽ» ያልከኝን አልረሳሁም። ሞተሩን የገጣጠመው ወንድምህ ይሁን ነው። ሲነሳ መጀመሪያ ያስላል፤ እሱም ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ነበር። የይሁን መፍቻዎችም የትርንጎ ናቸው፤ ሲሠራ መብራት የምትይዝለት እሷ ነበረች።

ከሞተሩ ጋር ቃልም አወርሳለሁ። ምክንያቱንም ልጻፍ።

ጎረቤቴ ማዕሊም ሀይቤ ከቀትር በኋላ በግቢው ልጆችን ቁርአን ያስቀራል፤ እሱ ሲያነብ እነሱ ጮክ ብለው ይደግማሉ። ሞተሩ መጀመሪያ የተተከለው በእሱ አጥር ሥር ነበር። በአጥር ላይ ሆኖ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አጥፊው! ልጆቹ እኔን ትተው ሞተርሽን እየቀሩ ነው!» ይለኛል። እኔም፣ «በር አለኝ!» እለዋለሁ። ቆርቆሮዬን በጠጠር መታ፤ አላጠፋሁም። በአጥር ለሚመጣ ቃል መልስ አልሰጥም።

በመጨረሻ ሽማግሌውን አቶ ፋራህን ይዞ በበር መጣ። ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ። ሦስተኛ ቃል ሳይናገር እሺ አልኩት፤ ልጆቹ ቁርአን ቀርተው እስኪበተኑ ድረስ ሞተሩ እንዳይነሳ ተስማማን። ይሁን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሞተሩን ነቅሎ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ተከለው። «ጩኸቱ የእኛ ነው፤ እኛው ጆሮ ሥር ይሁን» አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው የወለድኩት።

ይሁንን ካራማራ ቁልቁለት ላይ መኪና ተገልብጦ ወሰደብኝ። ለለቅሶው ውሃ በጀሪካን ያመላለሰችው የማዕሊም ሚስት ማርዎ ናት። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላም ሞተሩን ልነካው አልቻልኩም። አንድ ቀን ልጆቹ ቁርአን እየቀሩ ሳሉ ማዕሊም ትቷቸው በበር ገባ።

«የይሁን እናት፣ ሞተሩን አስነሽው።»

«ሰዓቱ አይደለም።»

«ዛሬ እኔ ፈቅጃለሁ። ግቢሽ ዝም ሲል እኛም ማስቀራት አቃተን።»

«ስምምነታችን እንዲህ አይልም፣ ማዕሊም።»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሰዓቴ አስነሳሁት። ሲያስል ሰማሁት፤ ቆሜም ሰማሁት።

ስለዚህ ትርንጎ፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አይሸጥም፤ ከመስኮቱ ሥርም አይነቀል። በቁርአኑ ሰዓት አይነሳ። ቅሬታ ያለው በበር ይግባ፤ በበር የገባውን ሳትሰሚ አትመልሺ።

እኔ የሞትኩ ዕለት፣ ለቅሶ ነው ብላችሁ ሞተሩን ዝም አታሰኙት። ለቀስተኛው ውሃ ይፈልጋል፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቼም ለሶላት ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ። ልጆቹ መቅራት ሲጀምሩ ግን አጥፉት። ሬሳዬ ቤት ውስጥ ቢሆንም ቃሌ አይፈርስም።

ለማዕሊም ሀይቤ ምንም አልተውኩለትም፤ የሚወርስ ሰው ምስክር አይሆንምና። እኔ የምፈልገው ምስክርነቱን ነው።

ተናዛዥ፦ ሙሉአለም አስፋው (ፊርማ)

ምስክሮች፦
አቶ ፋራህ ሚሬ (ፊርማ)
ወይዘሮ ባቱሎ ኢሴ (የጣት አሻራ)
አቶ ዐብዲፈታህ ዐብዲዐዚዝ (ፊርማ)
ማዕሊም ሀይቤ፦ ሲነበብ ሰምቻለሁ። በበር ገብቼ ፈርሜያለሁ። (ፊርማ)