የአባትሽ መርጫ

ኅዳር 9 ቀን

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ፣

ያለሽበት አገር ክፉ አይንካሽ። እኛ አለን፣ መኖር ከተባለ።

ስለ ጎመኑ ፕሮግራም ጠይቀሽኝ ነበር። አልዋሽሽም፣ ምርቱ ጨምሯል። ከዚያች መዳፍ ከምታክል መሬት ይህ ሁሉ ይወጣል ብሎ ማን አሰበ! ጣሪያችን ቆርቆሮ ለብሷል፤ ወንድምሽም ትምህርቱን አላቋረጠም። የፕሮግራሙ ሰዎች አባትሽን «ሞዴል ገበሬ» ብለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሳው ላይ ያቆሙታል። እሱም እንደ ሙሽራ ይጀነናል።

እኔን የሚያስፈራኝ የትል መድኃኒቱ መርጫ ነው። ትሉ መድኃኒቱን ለመደውና አባትሽ ያበዛበት፣ ይደጋግምበት ጀመር። የግብርና ባለሙያዋ የሰጠችውን ጭንብል «ያፍነኛል» ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የመርጫው ታንክ ጀርባው ላይ ያፈሳል፤ ርሶ የሚመጣውን ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ራሴን አመመኝ» አለ። ቀጥሎ ውሃ ሲጠጣ ኩባያው እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ድካም ነው፣ አታሟርቺብኝ» ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን እንግዶች ፊት ሲረጭ ወደቀ። ላብ አጥምቆት፣ አረፋ እየደፈቀ። ሞተ ብዬ ጮኽኩ። ጤና ጣቢያ ተኝቶ ነፍሱ መለስ ስትል ነርሷ «ከእንግዲህ መርጫ እንዳይነካ» አለችኝ። እሱ ግን ቤት በገባ ማግስት ታንኩን ሲሞላ ደረስኩበት።

ነጥቄው፣ ተሸክሜ ባለሙያዋ ቢሮ ሄድኩ።

«ውሰጂልኝ» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ ካልረጩ እኮ ከፕሮግራሙ ይወጣሉ። እኔም ታዝዤ ነው።»

«ይውጣ! ሞዴል ሬሳ ምን ያደርግልኛል?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ተቀበለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አባትሽ አያናግረኝም። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ትሉ ጎመኑን ወንፊት ሲያደርገው ያያል። ወዲህ ረሃቡ፣ ወዲያ መርዙ፤ የቱን እንደምፈራ ጠፋኝ። ከጎረቤት መርጫ ሊዋስ ይሆን እያልኩ፣ ብድግ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮት ብድግ ይላል።

እባክሽ ጻፊለት፤ አንቺን ይሰማል። ለእኔ አታስቢ፣ ምንም አልሆንኩም። ፊደሉ ተንጋዶ ካስቸገረሽ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩ ነው። የፊተኛውን ደብዳቤማ ጠረጴዛ ላይ ጽፌውም ራሴም ማንበብ አቅቶኝ ቀደድኩት።

የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ፤ ጤናሽን አያጓድልብኝ።

እናትሽ